ክሽክሽ የተሸከመው ሁሉ ዘመድ አይደለም

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በእርሻ ዓምዳችሁ ስለ ባቄላና ሽምብራ ማሳዎች መቢጨት ያወጣችሁት ጽሑፍ በጊዜው የመጣ ነው። ቅሬታችን በአመዳደቡ ላይ ነው። ጽሑፉ «በነፍሳት የሚተላለፉ ቫይረሶች» የሚል አንድ ቋት ከፍቶ የድንቹን፣ የበርበሬውን፣ የባቄላውንና የበቆሎውን ችግር በሙሉ እዚያው ጨምሮታል፤ መፍትሔውንም «ክሽክሹን በፀረ ተባይ መርጨት» ብሎ ዘግቶታል፤ ክሽክሽ የተክል ጭማቂ የሚመጥጥ ትንሽ ተባይ ነው። ይህ ምክር ለአንዳንዶቹ በትክክል ይሠራል። ለሌሎቹ ግን የኬሚካል ዋጋ ከማባከን አያልፍም፤ አልፎ አልፎም በሽታውን ያፋጥናል። ልዩነቱ የሚመጣው ከቫይረሶቹ አመዳደብ ስለሆነ በዕፅዋት ጥበቃ ሙያ ላይ ያለን አንባቢዎች ጉዳዩን ዘርዘር አድርገን ለመጻፍ ወደድን።

ቫይረሶቹ ሁለት ዓይነት ምድብ አላቸው። የመጀመሪያው የዝምድና ነው። ጂኖሙ (የዘር መረጃው) አር ኤን ኤ ነው ወይስ ዲ ኤን ኤ፣ ባለ አንድ ክር ነው ወይስ ባለ ሁለት፣ ስንት ቁራጭ አለው፣ የሚባዛበት ኢንዛይም የማንን ይመስላል የሚሉት ጥያቄዎች ቫይረሱን በቤተሰብ፣ በጂነስ (በቤተሰብና በዝርያ መካከል ያለ ደረጃ ነው) እና በዝርያ ያስቀምጡታል። ሁለተኛው የአጓጓዝ ምድብ ነው፦ ተባዩ ቫይረሱን በየትኛው የአካል ክፍሉ ይዞት ይሄዳል፣ ለመያዝ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል፣ ከያዘውስ በኋላ እስከ መቼ ያስተላልፈዋል። በአንድ አውቶቡስ የተሳፈሩ መንገደኞች የአንድ ቤት ልጆች እንዳልሆኑ ሁሉ፣ በአንድ ክሽክሽ የመጡ ሁለት ቫይረሶችም ጨርሶ የማይዛመዱ ሊሆኑ ይችላሉ። የእርሻ ምክር ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አንደኛው ምድብ የሌላውን ቦታ ሲይዝ ነው።

ከአጓጓዙ እንጀምር፤ ለገበሬው ቀድሞ የሚያስፈልገው እሱ ነውና። ዋትሰንና ሮበርትስ የተባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1939 ቫይረሶቹን ተባዩ ላይ በሚቆዩበት ጊዜ ልክ «ቋሚ» እና «ቋሚ ያልሆኑ» ብለው ለሁለት ከፈሏቸው። በኋላ «ከፊል ቋሚ» የሚባል መካከለኛ ምድብ ተጨመረ። ቋሚዎቹም በተባዩ አካል ውስጥ ዞረው ብቻ የሚወጡና እዚያው ውስጥ የሚባዙ ተብለው እንደገና ተለዩ። አከፋፈሉ ዛሬም ይሠራል።

ቋሚ ያልሆነው ቫይረስ የሚለጠፈው በክሽክሹ መርፌ መሰል አፍ ጫፍ ላይ ነው። የድንች ቫይረስ ዋይ፣ የኪያር ሞዛይክ ቫይረስና የቦሎቄ ሞዛይክ ቫይረስ እንዲህ ናቸው። ክሽክሹ ቅጠል ላይ አርፎ የሚስማማው ተክል መሆኑን ለማወቅ ቀመስ ያደርጋል፤ ከአንድ ደቂቃ ያነሰው ይህ ቅምሻ ቫይረሱን ለመያዝም ለማስተላለፍም ይበቃል። ይዞት የሚቆየው ለጥቂት ሰዓታት ነው፤ ቆዳውን ሲቀይር ደግሞ ጨርሶ ያጣዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ ቫይረሱን በብዛት የሚያዛምተው እዚያው ሰፍሮ የሚራባው ክሽክሽ ሳይሆን ቀምሶ፣ አልጥምህ ብሎት፣ ወደሚቀጥለው ተክል የሚበርረው ክንፋም መንገደኛ ነው። ስለዚህ «ማሳዬ ላይ ክሽክሽ አላየሁም» የሚለው ገበሬ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ በሽታው ግን የክሽክሽ ነው።

ከፊል ቋሚዎቹ እስከ አንጀቱ መግቢያ ድረስ ይዘልቃሉ እንጂ ወደ ተባዩ ደም አይገቡም። ለመያዝ ከደቂቃዎች እስከ ሰዓታት ይፈጃል፤ የሚቆዩትም ለሰዓታት ወይም ለጥቂት ቀናት ነው። የብርቱካንና የሎሚ ትሪስቴዛ እዚህ ይመደባል።

ቋሚዎቹ ሌላ ዓለም ናቸው። የድንች ቅጠል ጠቅላይ ቫይረስ፣ የባቄላ አቢጪ ቫይረስና የቲማቲም ቢጫ ቅጠል አጨማዳጅ ቫይረስ የሚገኙት በአብዛኛው በተክሉ የምግብ ማስተላለፊያ ቧንቧ ውስጥ ነው። ተባዩ እዚያ እስኪደርስ ረዘም ላለ ጊዜ መምጠጥ አለበት። ቫይረሱ የአንጀቱን ግድግዳ አልፎ ወደ ደሙ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ምራቅ እጢው ይሻገርና ከምራቁ ጋር ወደ አዲሱ ተክል ይፈስሳል። ይህ ጉዞ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይወስዳል፤ እስከዚያ ተባዩ ቢይዘውም አያስተላልፍም። አንዴ ካለፈ ግን ቆዳውን ቢቀይርም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ባይሆን እንኳ ለሳምንታት ተሸካሚ ይሆናል። በተባዩ ውስጥ የሚባዙት ደግሞ ከዚህም ይብሳሉ። የቲማቲም ነጠብጣብ አጠውላጊ ቫይረስን ትሪፕስ የተባለው ደቃቅ ተባይ የሚይዘው በእጭነቱ ብቻ ነው፤ ካደገ በኋላ ከታመመ ተክል ቢመጥም አስተላላፊ አይሆንም። በእጭነቱ የያዘው ግን ክንፍ አውጥቶ ማሳ ለማሳ ያዳርሰዋል። በተክል ዘላዮች ውስጥ የሚባዛው የበቆሎ ሞዛይክ ቫይረስ ከእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ጋር የአንድ ቤተሰብ አባል ነው፤ ሁለቱም ራብዶቪሪዴ ናቸው። ለእርሻው ምክር ይህ ምንም አይጨምርም፤ ዝምድናና አጓጓዝ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ግን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

አሁን ወደ ርጭቱ እንመለስ። ፀረ ተባይ የነካው ክሽክሽ ለመሞት ደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ሰዓታት ይፈጅበታል። ቋሚ ያልሆነው ቫይረስ ግን በሰከንዶች ውስጥ ተላልፎ አልቋል። ይባስ ብሎ አንዳንድ ኬሚካሎች ክሽክሹን ያስበረግጉትና ከተክል ወደ ተክል እየዘለለ እንዲቀምስ ያደርጉታል። ለዚህ ምድብ የሚረዳው ሌላ ነው፦ ንጹሕ ዘር፣ ወዲያው በአፉ ጫፍ ላይ የሚይዘውን የሚያከሽፍ የማዕድን ዘይት ርጭት፣ በበርበሬው ዙሪያ እንደ ማሽላ ወይም በቆሎ ያለ ቫይረሱ የማይዘው ሰብል ጥቂት መስመር መዝራት። ክሽክሹ መጀመሪያ ዳር ያለውን ሰብል ሲቀምስ አፉ ይጸዳል፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ባዶ አፉን ይገባል። ለቋሚዎቹ ግን ፀረ ተባይ ትርጉም አለው፤ ተባዩ ረጅም ጊዜ መምጠጥና ቫይረሱም በአካሉ ውስጥ መጓዝ ስላለበት ከማስተላለፉ በፊት ለመግደል ጊዜ ይገኛል። በተለይ ዘር ሲታሽ ወደ ቡቃያው ውስጥ የሚገባ ፀረ ተባይ የባቄላውን የመጀመሪያ ሳምንታት ይጠብቃል። እሱም ቢሆን ማሳው ውስጥ ከተክል ወደ ተክል የሚደረገውን ስርጭት ያቆማል እንጂ ተሸክሞ የመጣው ክንፋም ክሽክሽ የመጀመሪያዎቹን ተክሎች እንዳይለክፍ አያግድም። ጠጋ ጠጋ አድርጎ መዝራትም ይረዳል፤ ክንፋሙ ክሽክሽ ባዶ አፈር መሐል ተለይቶ የሚታይ ተክል ላይ ማረፍ ይወዳልና። ለቲማቲም ችግኝ ነጭ ዝንብ የማያሳልፍ ጠባብ ቀዳዳ ያለው መረብ ከማንኛውም ርጭት ይበልጣል።

የዝምድናው ምድብ ታዲያ ለምን ያስፈልጋል? ቤተሰቡን ማወቅ ብቻውን ብዙም አይጠቅምም። ፖቲቪሪዴ የሚባለውን ትልቅ ቤተሰብ ብንወስድ፣ ፖቲቫይረስ የተባለው ጂነስ በክሽክሽ ይተላለፋል፤ አይፖሞቫይረስ በነጭ ዝንብ፤ ራይሞቫይረስና ትሪቲሞቫይረስ የሸረሪት ዘመድ በሆኑ ደቃቅ ተባዮች (ማይት)፤ ባይሞቫይረስ ደግሞ በአፈር ውስጥ በሚኖር ፈንገስ መሰል ነገር። አንድ ቤተሰብ፣ አራት የተለያየ ተሸካሚ። ወደ ጂነስ ስንወርድ ግን ነገሩ ይጠራል። ቤጎሞቫይረስ ከተባለ ተሸካሚው ነጭ ዝንብ ነው፣ አጓጓዙም ቋሚ ነው። ፖሌሮቫይረስ ከተባለ ክሽክሽና ቋሚ ነው ማለት ይቻላል። ክሎስቴሮቪሪዴ በሚባለው ቤተሰብም ክሎስቴሮቫይረስ ሲባል ክሽክሽ፣ ክሪኒቫይረስ ሲባል ነጭ ዝንብ፣ አምፔሎቫይረስ ሲባል በነጭ ዱቄት የተሸፈነው መጣጭ ተባይ ነው፤ አጓጓዙ ግን በሦስቱም ከፊል ቋሚ ነው። ስለዚህ ለእርሻ ባለሙያ የሚጠቅመው ደረጃ ጂነስ ነው የምንለው ከዚህ ተነስተን ነው።

ታሪኩ ግን ሁልጊዜ እንዲህ የተስተካከለ አልነበረም። በገብስ፣ በስንዴና በአጃ ላይ የሚታየው የገብስ ቢጫ ድንክ ቫይረስ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሮሾው የተባለ በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሠራ ተመራማሪ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቫይረሱን የለየው በተሸካሚው ክሽክሽ ነው። በሮፓሎሲፉም ፓዲ በደንብ የሚተላለፈውን አር ፒ ቪ አለው፤ በማክሮሲፉም አቬኔ የሚተላለፈውን ኤም ኤ ቪ፤ በሁለቱም የሚሄደውን ፒ ኤ ቪ፤ በበቆሎ ክሽክሽ የሚሄደውን አር ኤም ቪ። ስሞቹ የክሽክሾቹ ስም መነሻ ፊደሎች ናቸው። ለዘመኑ ብልህ አመዳደብ ነበር፤ ማሳው ላይ የትኛው ክሽክሽ እንዳለ ካወቁ የትኛው ቫይረስ እንደሚጠበቅ መገመት ይቻል ነበርና። ሮሾው ራሱ ግን አንድ አስቸጋሪ ነገር አገኘ፦ ሁለቱ ቫይረሶች በአንድ ተክል ውስጥ አብረው ሲገኙ የኤም ኤ ቪ አር ኤን ኤ በአር ፒ ቪ የፕሮቲን ሽፋን ተጠቅልሎ ይወጣል፤ ብቻውን ሊያስተላልፈው በማይችለው ክሽክሽም ይተላለፋል። ክሽክሹ የሚያውቀው ሽፋኑን ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለ አያጣራም።

ጂኖሞቹ ሲነበቡ ደግሞ ፒ ኤ ቪ እና ኤም ኤ ቪ ሉቴኦቫይረስ፣ አር ፒ ቪ ፖሌሮቫይረስ ሆነው ተገኙ። የሽፋን ፕሮቲናቸው ዘመዳሞች ናቸው፤ ለዚህም ነው ሁለቱም በክሽክሽ በቋሚ መንገድ የሚጓዙት። የሚባዙበት ኢንዛይም ግን ከሁለት የተለያየ ዘር የመጣ ነው። ለብዙ ዓመታት ሁለቱም ሉቴኦቪሪዴ በሚባል አንድ ቤተሰብ ሥር ተቀመጡ። ዓለም አቀፉ የቫይረሶች ምደባ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2021 ያጸደቀው ለውጥ ይህን ቤተሰብ አፈረሰው፤ ሉቴኦቫይረስ ወደ ቶምቡስቪሪዴ፣ ፖሌሮቫይረስና ኢናሞቫይረስ ወደ ሶሌሞቪሪዴ ሄዱ። በየቢሯችን ያሉ የመስክ መመሪያዎች አሁንም «ሉቴኦቪሪዴ» ይላሉ። ይህ ለገበሬው ምንም አይለውጥም፤ ተማሪ ግን አሮጌውን መመሪያና አዲሱን የመረጃ ቋት ጎን ለጎን ሲያነብ ሁለት የተለያዩ ቫይረሶች ይመስሉታል።

ወደ ሀገራችን ሽምብራ ስንመጣ ይኸው ነገር በተግባር የታየበት አጋጣሚ አለ። በሽምብራና በባቄላ ማሳዎች ላይ የሚታየው መቢጨትና መቀጨጭ በአንቲቦዲ (ቫይረሱን ለይቶ በሚይዝ የደም ፕሮቲን) ሲመረመር ከታወቁት የያኔው የሉቴኦቪሪዴ ቤተሰብ አባላት ጋር የማይገጥም ምልክት ሰጠ። ተመራማሪዎቹ ለቤተሰቡ በጋራ የሚሆን ፕራይመር (ቅጂው የሚጀምርበት አጭር የዲ ኤን ኤ ቁራጭ) ተጠቅመው የሽፋን ፕሮቲኑን ክፍል ፒሲአር በተባለው የጂን ማባዣ ዘዴ አባዙ፤ ከሽምብራውና ከባቄላው የተገኙት ቅደም ተከተሎች 96 በመቶ ይመሳሰላሉ። ቅርብ ዘመዱ የኦቾሎኒ ሮዜት አጋዥ ቫይረስ ሲሆን የሽፋን ፕሮቲናቸው ተመሳሳይነት 78 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በዚህ ወገን በማንኛውም ፕሮቲን ከ10 በመቶ የበለጠ ልዩነት ካለ አዲስ ዝርያ ስለሚያሰኝ መልሱ ግልጽ ነበር። ሙሉ ጂኖሙ 5,900 ኑክሊዮታይድ (የጂኖም «ፊደል») ሆኖ የፖሌሮቫይረስ አቀማመጥ ያለው ነው። ከተሞከሩት አራት የክሽክሽ ዝርያዎች ያስተላለፈው አፊስ ክራሲቮራ፣ ጥቁሩና የሚያብለጨልጨው ክሽክሽ ብቻ ነበር፤ አጓጓዙም ቋሚ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 በእነ አዳነ አብርሃም ሲታተም ቫይረሱ የሽምብራ አቢጪና አቀጫጭ ቫይረስ ተብሎ ተሰየመ።

ከዚያ ሥራ ውስጥ ለሙያው ሰው በጣም የሚጠቅመው አንድ ችግር ነው። በጥንቸል የተዘጋጀው ፀረ ሴረም (አንቲቦዲ ያለበት የደም ፈሳሽ) ያልተጠበቀ ነገር አደረገ፤ የምዕራባዊ ቀይ ስር አቢጪ ቫይረስን የሚመስሉትንም ለይቶ ማለፍ አቃተው። ስለዚህ ከአይጥ ሞኖክሎናል፣ ማለትም አንድ ነገር ብቻ የሚለይ አንቲቦዲ ማዘጋጀትና ሁለቱን ደርቦ በሦስት አንቲቦዲ ኤላይዛ (ቫይረሱ መኖሩን በአንቲቦዲና በቀለም የሚያሳይ ምርመራ) መሥራት ግድ ሆነ። ምክንያቱ ከላይ ያነሳነው ነው፤ በእነዚህ ቫይረሶች ላይ ሽፋኑ ከጂኖሙ ይልቅ ይመሳሰላል፤ አንቲቦዲ ደግሞ የሚያየው ሽፋኑን ነው።

እንግዲህ በአንድ የባቄላ ማሳ ላይ የሚታየው ቢጫ ቀለም ከየት ሊመጣ እንደሚችል አስቡት። የባቄላ አቢጪ ቫይረስ ናኖቫይረስ ነው፤ እያንዳንዳቸው ወደ 1,000 ኑክሊዮታይድ የሚጠጉ ስምንት ክብ የዲ ኤን ኤ ቁራጮች አሉት፤ እ.ኤ.አ. በ1992 በመካከለኛው ግብፅ የባቄላን ምርት ያወደመው እሱ ነው። የሽምብራ አቢጪና አቀጫጭ ቫይረስ ባለ አንድ ቁራጭ አር ኤን ኤ ፖሌሮቫይረስ ነው። የባቄላ ቅጠል ጠቅላይ ቫይረስ ሉቴኦቫይረስ ነው። በጎረቤት ሱዳን በስፋት የተገኘው የሽምብራ ድንክ አቢጪ ቫይረስ ደግሞ ማስትሬቫይረስ ሲሆን የሚሸከመው ክሽክሽ ሳይሆን ቅጠል ዘላይ ነው። አራት ቫይረስ፣ አራት ጂነስ፣ ዓይን የሚያየው ግን አንድ መልክ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት በጂነስ ቢለያዩም በክሽክሽ በቋሚ መንገድ ስለሚሄዱ አንድ ዓይነት የመከላከያ ምክር ይበቃቸዋል፤ አራተኛው ግን ክሽክሽ ላይ ያነጣጠረ ምክር አይነካውም። ጽሑፋችሁ ትክክል የሚሆነው ለሦስቱ ነው።

በላቦራቶሪ ውስጥ ምደባው እንዴት እንደሚሠራና የት እንደሚሳሳት ትንሽ እንጨምር፤ ጋዜጣውን የሚያነቡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የዘር ጥራት ተቆጣጣሪዎች አሉና። በኤላይዛ ሲሠራ 96 ጉድጓድ ያለው ሳህን ፒኤች 9.6 በሆነ የካርቦኔት በፈር (ፒኤቹን የሚጠብቅ ፈሳሽ) በተበረዘ አንቲቦዲ ይለበጣል፤ አንድ ግራም የተክል ክፍል በአሥር ሚሊ ሊትር በፈር ይፈጫል፤ ከዚያ በ4 ዲግሪ ያድራል፤ በየደረጃው ትዊን የተባለ ሳሙና መሰል ነገር ባለበት በፈር ሦስት ጊዜ ይታጠባል፤ ኢንዛይም የተጣበቀበት አንቲቦዲ ይጨመራል፤ በመጨረሻ በ405 ናኖ ሜትር ይነበባል። የናሙናው ንባብ ከጤነኞቹ አማካይ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ካለፈ «አለበት» ይባላል። ስሕተቱ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከናሙናው ነው። በምግብ ቧንቧ ውስጥ ብቻ የሚኖረውን ቫይረስ ከቅጠሉ ሰፊ ክፍል ፈጭቶ መፈለግ ተበርዞ እንዲጠፋ ማድረግ ነው፤ የቅጠል ዘንግና ግንድ ይሻላል። ሌላው ስሕተት ከማጠቢያው ነው፤ ቸኩሎ የታጠበ ሳህን ጤነኛውንም ቢጫ ያደርገዋል፤ ጤነኛ መመሳከሪያ በየሳህኑ ካልተደረገ ደግሞ ይህ እንኳ አይታወቅም።

ወደ ጂኖም ስንሄድ መንገዱ በቫይረሱ ዓይነት ይለያያል። ክብ ዲ ኤን ኤ ላላቸው፣ ማለትም ለጀሚኒቫይረሶች (ቤጎሞቫይረስና ማስትሬቫይረስ ያሉበት ወገን) እና ለናኖቫይረሶች፣ ፋይ 29 የተባለው ኢንዛይም በ30 ዲግሪ ለ18 ሰዓት ያህል ክቡን እየዞረ ደጋግሞ ይቀዳዋል፤ የቫይረሱን ስም አስቀድሞ ማወቅ አያስፈልግም። ከዚያ በቆራጭ ኢንዛይም ሲቆረጥ 2,700 ወይም 2,800 ኑክሊዮታይድ ላይ የጠራ መስመር ከወጣ ቤጎሞቫይረስ መሆኑ ይጠረጠራል። አር ኤን ኤ ላላቸው መጀመሪያ ወደ ዲ ኤን ኤ መገልበጥ፣ ቀጥሎ ለጂነሱ በጋራ የሚሆን ፕራይመር መጠቀም ነው።

ቅደም ተከተሉ ከተገኘ በኋላ ዝርያውን የሚወስነው የመቶኛ ወሰን ለየጂነሱ የተለያየ ነው። ለቤጎሞቫይረስ «ዲ ኤን ኤ ኤ» የተባለው ዋና ቁራጭ በሙሉ ከማንኛውም የታወቀ ቫይረስ ጋር ከ91 በመቶ በታች ከተመሳሰለ አዲስ ዝርያ ነው፤ የአንድ ዝርያ ንዑስ ዓይነቶችን የሚለየው ደግሞ 94 በመቶ ነው። ለማስትሬቫይረስ ወሰኑ 78 ነው። ለፖቲቫይረስ በኑክሊዮታይድ 76፣ በአሚኖ አሲድ 82 በመቶ ነው። እዚህ የሚሠሩት ስሕተቶች ተደጋጋሚ ናቸው። የክብ ጂኖምን መነሻ ሳያስተካክሉ ማወዳደር አንዱ ነው፤ ቲ ኤ ኤ ቲ ኤ ቲ ቲ ኤ ሲ በሚለው ቅደም ተከተል ውስጥ ያለው የመቁረጫ ነጥብ መነሻ መሆን አለበት፤ ካልሆነ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ቫይረሶች ባዕድ መስለው ይወጣሉ። የተገለበጠውን ክር ማስገባትም ያንኑ ያመጣል። ሌላው ክፍተቶችን እንደ ልዩነት መቁጠር ነው፤ ወሰኑ የተቀመጠው ክፍተት ሳይቆጠር ነውና ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ የሌለ ዝርያ ይፈጥራል። ከሁሉም የሚያሳስተው ግን በአንድ ቁራጭ ጂን ብቻ መወሰን ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዩጋንዳ ውስጥ የካሳቫን ማሳ ያጠፋው ቫይረስ የምሥራቅ አፍሪካ ካሳቫ ሞዛይክ ቫይረስ ሆኖ በሽፋን ፕሮቲኑ መሐል የአፍሪካ ካሳቫ ሞዛይክ ቫይረስን ክፍል የወሰደ ቅልቅል ነበር። በአንቲቦዲ የመረመረው ሰው የሚያየው ነባሩን ቫይረስ ነው፤ አዲስ ነገር መምጣቱ የታወቀው ከሽፋኑ አልፎ ሲነበብ ነው።

ተሸካሚውን መለየትም የራሱ ፈተና አለው። በአንድ ክሽክሽ ውስጥ በፒሲአር ቫይረስ ማግኘት ተሸካሚ ነው ማለት አይደለም፤ የታመመ ተክል የመጠጠ ሁሉ በሆዱ ቫይረስ አለበት። ስቶሪ የተባለ ተመራማሪ በአማኒ፣ በዛሬዋ ታንዛኒያ፣ እ.ኤ.አ. በ1933 ያሳተመው ሥራ ይህን ያስረዳል። የበቆሎ ስትሪክ ቫይረስን የማያስተላልፉ ቅጠል ዘላዮችን አንጀት በመርፌ ወጋ ሲያደርግ አስተላላፊ ሆኑ፤ ሳይወጉ ግን አንጀቱ አግዶት ነበር። ስለዚህ ማስረጃው ማስተላለፍ ነው። ለቋሚ ቫይረስ ንጹሕ ክሽክሽ በጤነኛ ተክል ላይ ይራባል፤ ግልገሎቹ ለሁለት ቀን በታመመው ተክል ላይ ይሰነብታሉ፤ ከዚያ በእያንዳንዱ ቡቃያ አምስት ወይም አሥር እየተደረጉ ለሦስት ወይም አራት ቀን ይተዋሉ፤ በመጨረሻም ይረጩና ተክሉ ሦስት አራት ሳምንት ተጠብቆ ይመረመራል። ቋሚ ላልሆነው ይህ አሠራር ምንም አያሳይም፤ እዚያ ክሽክሹን ለአንድ ወይም ሁለት ሰዓት ማስራብ፣ ለአንድ ደቂቃ ማስቀመስና ወዲያው ማዛወር ያስፈልጋል። ለቋሚው ብቻ በተዘጋጀ ሙከራ ውጤት ጠፍቶ «ክሽክሽ አያስተላልፈውም» ተብሎ የተጻፈ ሪፖርት በጥርጣሬ መነበብ አለበት። የትኛው ምድብ እንደሆነ ጥያቄ ካለ አንዱን ክሽክሽ በየቀኑ ወደ አዲስ ቡቃያ ማዛወር ነው፤ ቆዳውን ከቀየረ በኋላም ቡቃያ ካሳመመ ቋሚ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ ሀገራችን መግባቱ የታወቀው የበቆሎ ገዳይ በሽታም እዚህ ይገባል። ሁለት የማይዛመዱ ቫይረሶች ሲገናኙ የሚፈጠር ነው፤ የበቆሎ ክሎሮቲክ ሞትል ቫይረስ ከቶምቡስቪሪዴ ሲሆን በትሪፕስና በጥንዚዛ ይሄዳል፤ የሸንኮራ አገዳ ሞዛይክ ቫይረስ ፖቲቫይረስ ነው፣ በክሽክሽ ቋሚ ባልሆነ መንገድ ይሄዳል። ለሁለተኛው ርጭት ከንቱ ነው ስንል ለአንደኛው በዘር መታሸት የሚሰጠው ጥበቃ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም፤ ከሁለቱ አንዱን ማስቀረት በሽታውን ያቀልለዋልና። በቆሎን ሳያቋርጡ በየወቅቱ መዝራት ለሁለቱም መሰንበቻ ይሰጣል፤ ማፈራረቁ ከኬሚካሉ ይቀድማል።

ከጋዜጣችሁ የምንጠብቀው አዲስ ዓምድ አይደለም። ስለ አንድ የተክል ቫይረስ ስትጽፉ ከስሙ አጠገብ ጂነሱን፣ ተሸካሚውንና አጓጓዙ ቋሚ ይሁን አይሁን አብራችሁ አስቀምጡ፤ ሦስት ቃል ነው። «ፖሌሮቫይረስ፣ ክሽክሽ፣ ቋሚ» ብሎ የተጻፈ ዜና ለልማት ሠራተኛው ምን መምከር እንዳለበት ይነግረዋል። ምርመራ ያልተደረገለትን ቢጫ ማሳ ደግሞ በቫይረስ ስም አትጥሩት፤ ውኃ የተኛበት ጥቁር አፈርና የናይትሮጅን እጥረትም ባቄላን ያቢጫሉ። እነዚህ ማሳውን በእኩል ወይም በረባዳው ክፍል ሲይዙ፣ ቫይረሱ ግን ብዙ ጊዜ እዚህም እዚያም በተበተኑ ተክሎች ይጀምርና ቁና ቁና አክሎ ይሰፋል።

ናሙና መላክ ለሚፈልጉ አንባቢዎችም አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ግንዱን በአዲስ ምላጭ አግድም ቆርጦ የተቆረጠውን ፊት ናይትሮሴሉሎስ በሚባለው ነጭ ወረቀት መሰል ሽፋን ላይ ቀስ ብሎ ማተም ነው። ለየተክሉ ምላጩን መጥረግ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ የአንዱ ጭማቂ ሌላውን በሐሰት ያስወነጅለዋል። በጣም የታጨቀ ጭማቂ ተጨፍልቆ ከተለጠፈ የግንዱ ቧንቧዎች የሚያትሙት ቀለበት አይታይም፤ ለባቄላ አቢጪ ቫይረስ የምንፈልገው ደግሞ በቀለበቱ ላይ ያሉትን ሐምራዊ ነጥቦች ነው። የታተመው በጥላ ከደረቀ በኋላ በፖስታ ውስጥ ያለ በረዶ ሩቅ አገር ይጓዛል፤ ላቦራቶሪው አንቲቦዲና ቀለም ጨምሮ ያነብበዋል። ሽፋኑን በእጅ አትንኩት፣ በጓንት ወይም በወረንጦ ያዙት። የማሳውን ስም፣ ቀኑንና የተክሉን ቁጥር በዳሩ ላይ በእርሳስ ጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በማጠቢያው ይለቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
በዕፅዋት ጥበቃ ሙያ የተሰማሩ አንባቢዎች